ወደ ሰቲት የማይወርደው ሐይቅ

እኛ የ«አገራችንን እንወቅ» ዓምድ አዘጋጆች ነን። በዚህ እትም ይዘንላችሁ የቀረብነው ስለ አንድ ሐይቅና ስለ ወፎቹ ነው። እንዴት እንደ መረጥነው እንንገራችሁ።

ባለፈው ሰሞን ከመካከላችን ሁለታችን ውኃ ልንቀዳ ወደ ሰቲት ወርደን ነበር። አብሮን አንድ የጎረቤት ልጅ ወረደ። እዚሁ ሐምዳይት የተወለደ፣ ፊደል መቁጠር የጀመረ ልጅ ነው። ጀሪካኑን እየሞላ «ይሄ ውኃ ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቀን። «ከአገር ቤት ነዋ! እዚያ ተከዜ ነው ስሙ፤ እዚህ ሲደርስ ሰቲት ይሉታል» አልነው። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ያገራችን ውኃ በሙሉ እዚህ ነው የሚመጣው ማለት ነው?» አለን። ሳቅን። ምን ብለን እንደምንመልስለት ስናስብ፣ ከኋላችን ልብስ ያጥቡ የነበሩ አንዲት እናት ቀና አሉና «የኛስ አይመጣም። የኛ ሐይቅ የትም አይሄድ» አሉ።

እኚህ እናት፣ ሁላችንም «አደይ» እያልን የምንጠራቸው፣ የኦፍላ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው ለሰሊጥ ሥራ ሑመራ ገብተው ሲቀሩ እሳቸውም ተከትለው ወረዱ፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም ደግሞ እንደ ሁላችንም ወንዙን ተሻግረው እዚህ ደረሱ። «የኛ ሐይቅ» ያሉት አሸንጌን ነው። ልጁ ግን አሸንጌ የሚባል ስም ሰምቶ አያውቅም። አደይ ይህን ሲያዩ ዝም አሉ። የልጅ ልጆቻቸውም እንደማያውቁት ያን ጊዜ ነው የነገሩን።

እርግጥ ነው፣ «ራሽን ዘገየ፣ የውኃ ወረፋው በዛ፤ እናንተ ስለ ወፍ ትጽፋላችሁ» የሚሉን አንባቢዎች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የራሽኑም ነገር በሌላው ገጽ ይጻፋል። ይሁን እንጂ ልጆቻችን የት ነው አገራችሁ ሲባሉ «ሐምዳይት» ብለው ሲመልሱ ስንሰማ፣ ይሄም ሊጻፍ የሚገባው ጉዳይ ሆኖ አገኘነው። ቤት ቢጠፋ ይሠራል። የወንዝና የተራራ ስም ግን አንዴ ከልጅ አፍ ከጠፋ ማን ያስታውሰዋል?

መንገዱ

አሸንጌ የሚገኘው በኮረምና በማይጨው መካከል፣ በኦፍላ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከመካከላችን ሁለታችን በጥር ወር 2001 ዓ.ም ሄደን አይተነዋል፤ ያየነውንም ዛሬ እንደ ትናንት እናስታውሰዋለን።

የተነሣነው ከአላማጣ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ነበር። አላማጣ ሜዳ ናት፣ ሙቀት ናት። እዚህ የለመድነውን ያህል ባይሆንም ሸሚዝ ያስወልቃል። ከከተማው እንደወጣን የግራካሕሱ ዳገት ተጀመረ። ያን ዳገት ያላየ አያምንም። መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ ሾፌሩ መሪውን ባዞረ ቁጥር የአላማጣ ሜዳ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ፣ ከታች እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ገና ከታች ጀምረው ተከናንበው ነበርና ስቀንባቸው ነበር። ከላይ ስንደርስ ግን ጥርሳችን መንቀጫቀጭ ጀመረ፤ ሽማግሌውም በተራቸው ሳቁብን።

ኮረም ገብተን ትኩስ ሻይ ጠጣን። ኮረም ስትባል ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት የ1977ቱን ድርቅ እንደሚሆን እናውቃለን። በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም የእንግሊዙ ቢቢሲ ጋዜጠኛ ማይክል ቡየርክና ኬንያዊው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን የኮረምን ረሃብተኞች ቀርጸው ለዓለም አሳይተዋል። በዚያው ዘመን ከትግራይና ከወሎ ብዙ ሕዝብ በእግሩ ወደ ሱዳን ፈለሰ። ኡም ራኩባም ያኔ ስደተኞችን ተቀብላለች። ከእኛ መካከል ያኔ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ መጥቶ፣ ተመልሶ፣ አሁን ደግሞ ልጁን አዝሎ የመጣ አለ። ይህን እንለፈው።

ከኮረም ወጣ እንዳልን፣ ከተራሮቹ መሐል ሰፊ ሰማያዊ ውኃ ብቅ አለ። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ በየሳምንቱ የሚመላለሱት ነጋዴዎች ሳይቀሩ፣ ወሬውን አቋርጦ ወደ መስኮት ዞረ። እኛም ወረድን።

ለምን ጨው ገባበት?

ሐይቁ ጎድጓዳ ሳህን ላይ እንደ ፈሰሰ ውኃ ነው። ዙሪያውን ተራራ ከቦታል። ጅረቶች ይገቡበታል፣ የክረምት ጎርፍ ይገባበታል። የሚወጣ ወንዝ ግን አንድም የለም። ጥልቀቱ እስከ 25 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ትልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጣና ጋር ቢወዳደር ኩሬ ነው። ነገር ግን መውጫ የሌለው መሆኑ ከጣና ልዩ ያደርገዋል። ከጣና ዓባይ ይወጣል፤ ከአሸንጌ ግን ምንም አይወጣም።

ታዲያ የገባው ውኃ የት ይደርሳል? ፀሐይ ይወስደዋል፤ በትነት ይሄዳል። ፀሐይ ግን የምትወስደው ንጹሑን ውኃ ብቻ ነው። ጅረቱ ከድንጋዩና ከአፈሩ አሟሙቶ ያመጣው ማዕድን እዚያው ይቀራል። በቤታችሁ ታውቁታላችሁ። የጉድጓድ ውኃ ደጋግማችሁ የምታፈሉበት ማንቆርቆሪያ ውስጡን ብታዩት ነጭ ነገር ጋግሯል። ውኃው በእንፋሎት ሄዶ የቀረው ነው። አሸንጌም በሺህ ዓመታት ውስጥ እንዲሁ ሆነ። ገባ፣ ተነነ፣ ማዕድኑ ቀረ። ስለዚህ ውኃው ጨው ጨው ይላል። እንደ ባሕር ነው ማለታችን አይደለም፤ ከባሕር እጅግ ያነሰ ነው። እኛም በእፍኛችን ቀምሰን ፊታችንን ስናጨማድድ አንድ እረኛ ልጅ «ከብቶቹ የተሻለ ያውቃሉ» ብሎ ሳቀብን።

ጨው ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው አፋርን ነው። አሞሌ ጭነው ወደ መቀሌ የሚወጡት ግመሎች የሚነሡት ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለ፣ እንደ እሳት ከሚያቃጥል ሜዳ ነው። አሸንጌ ደግሞ ብርድ ያለበት ደጋ ላይ ተቀምጦ ጨው ያጠራቅማል። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው መውጫ ማጣታቸው ነው። በዓለም ላይም እንዲህ ያሉ አሉ። በደቡብ አሜሪካ ቦሊቪያ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላጉና ኮሎራዳ የሚባል ቀይ የጨው ሐይቅ አለ፤ ፍላሚንጎዎች ይኖሩበታል። በቲቤት ደግሞ ናምፆ የሚባለው ከ4,700 ሜትር በላይ ነው። የእኛው አሸንጌ ከእነዚህ ጋር ሲተያይ ዝቅ ያለ ታናሽ ወንድም ነው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። በዚያ ምድር ላይ የሚዘንበው ዝናብ ሦስት መንገድ አለው። ከተራራው በምዕራብ በኩል የወደቀው ወደ ጸላሪ፣ ከጸላሪ ወደ ተከዜ ይወርዳል። ተከዜ ከላስታ ተነሥቶ፣ ገደሉን ሰንጥቆ፣ በ2002 ዓ.ም የተመረቀውን 188 ሜትር ከፍታ ያለውን ግድብ አልፎ፣ በሑመራ በኩል እኛ ዘንድ ይደርሳል። ከዚያም ሰቲት ተብሎ ከአትባራ ጋር፣ በመጨረሻም ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በምሥራቅ በኩል የወደቀው ወደ ራያ ሜዳና ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። መሐል የወደቀው አሸንጌ ይገባል፤ ገብቶም ይቀራል። ከአንድ ደመና የወረደ ዝናብ ነው። አንዱ ጠብታ እዚህ ጀሪካናችን ውስጥ ይገባል፣ ጎረቤቱ ግን አገሩ ይቀራል። አደይ ያሉት እውነት ነው፤ የእሳቸው ሐይቅ ድንበር አይሻገርም።

እንግዶቹ

ወደ ሐይቁ ዳር ስንወርድ ከሩቅ ውኃው ላይ ጥቁር ነገር ተነጥፎ አየን። አረም ነው ብለን ነበር። ቀረብ ስንል ተንቀሳቀሰ። ምን አለፋችሁ፣ ወፍ ነው! በሺህ የሚቆጠር ወፍ። አንድ ውሻ ጮኸና ከዳር ያሉት ሲነሡ፣ የክንፋቸው ድምፅ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስል ነበር።

ከሁሉ የበዛው አንድ የዳክዬ ዓይነት ነው። ምንቃሩ ከጫፉ እንደ ማንኪያ ሰፋ ያለ ነው፤ ወንዱ ጭንቅላቱ አረንጓዴ፣ ደረቱ ነጭ፣ ጎኑ ቡናማ ነው። ምንቃሩን ውኃው ላይ አስተኝቶ እየዋኘ ያጠልላል። በምንቃሩ ዳርና ዳር እንደ ማበጠሪያ ያለ ነገር ስላለው፣ ውኃው ሲወጣ ጥቃቅኑ ሕይወት ያለው ነገር ይቀርለታል። እናቶች ዱቄት በወንፊት ሲነፉ ማለት ነው።

ይህ ዳክዬ የአሸንጌ ተወላጅ አይደለም። የሚፈለፈለው በአውሮፓና በሰሜን እስያ ነው። እዚያ ውኃው በረዶ ሆኖ ሲደነድን፣ የሚበላው ሲያጣ፣ ተነሥቶ ወደ እኛ ይመጣል። በመስከረምና በጥቅምት ይደርሳል፤ በመጋቢት አካባቢ ይመለሳል። ማንም አይመራውም፣ ካርታ የለውም። የሄደበትን መንገድ ግን አይስትም።

እኛም ብንሆን እዚህ ሆነን መንገደኞችን እናያለን። ክረምቱ ሊገባ ሲል ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን የዝናብ መልእክተኛ ናቸው እያሉ ደስ የሚሰኙባቸው ጥቋቁር ሽመላዎች አሉ። በመስከረም ደግሞ በገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ላይ አንበጣና ፌንጣ እየለቀሙ የሚያርፉት ነጫጭ ሽመላዎች ከአውሮፓ የመጡ ናቸው። ልጆች፣ በድንጋይ አታባርሯቸው። አደይ እንደነገሩን በልጅነታቸው አባታቸው የሐይቁን ወፍ በወንጭፍ የመታ ልጅ ሲያዩ «እንግዳ ይመታል?» እያሉ ይቆጡ ነበር።

አሸንጌ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩ ባለቤቶችም አሉ። ከእነሱ አንዱ ጉትያ ያለው ጠላቂ ወፍ ነው። አንገቱ ረዥም፣ ራሱ ላይ ጥቁር ጉትያ አለው። እግሮቹ ወደ ኋላ ተጠግተው የተተከሉ ስለሆኑ ለመጥለቅ የሚያህለው የለም፤ ምድር ላይ ግን መራመድ ያቅተዋል። ስለዚህ ቤቱን የሚሠራው ከሣርና ከቄጠማ፣ ውኃው ላይ በሚንሳፈፍ ጎጆ ነው። ጫጩቶቹ እንደተፈለፈሉ እናታቸውም አባታቸውም በየተራ ጀርባቸው ላይ አዝለው ይዋኛሉ። ትንንሾቹ ከክንፉ ሥር ራሳቸውን ብቅ አድርገው ይታያሉ። በኬንያ ሐይቆች ይህ ወፍ በዓሣ መረብ እየተያዘ ቁጥሩ በጣም ቀንሷል። ስለዚህ ያለበትን ቦታ መጠበቅ ትልቅ ነገር ነው።

በዳሩ ሣር ላይ ደግሞ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የቆለመመ፣ ጉሮሮው ላይ ሥጋ የተንጠለጠለበት ጠቆር ያለ ወፍ ትል ሲለቅም ዋለ። ሲነሣ ጩኸቱ መንደር ይቀሰቅሳል። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ድንበር ቢሠመርም ለሱ ደጋው አንድ ነው።

ዓሣስ? አለ። ካርፕ የሚባለው ዓሣ ግን የዚያ አገር አይደለም፤ ሰው ነው አምጥቶ የጣለው። ለምዶ ተዋልዷል። ወጣቶች በመረብ እያወጡ ኮረም ወስደው ሲሸጡ አይተናል። እኛም ጠብሰን በልተናል፤ እሾኹ ቢያስቸግርም ጣዕሙ ጥሩ ነው።

ሐይቁ ያየው

አሸንጌ ሰላማዊ ቦታ ነው ብለን ብቻ ብንጽፍ ግን ልጆቻችንን ማታለል ይሆንብናል። በ1534 ዓ.ም ማብቂያ ላይ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ በወፍላ፣ የኢማም አሕመድ (ግራኝ) ጦር የፖርቱጋሎቹን ጦር ድል አድርጓል። አዛዣቸው ክሪስቶቫው ዳ ጋማ፣ የታዋቂው መርከበኛ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ፣ ተማርኮ ተገደለ።

ከዚያ ወደ 400 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም፣ የማይጨው ጦርነት ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ የመሩት ጦር ከፋሺስት ኢጣልያ ጋር ቀኑን ሙሉ ተዋግቶ፣ አልሆን ሲለው በአሸንጌ በኩል ወደ ኋላ አፈገፈገ። የደከመው፣ የቆሰለውና የተጠማው ሁሉ ወደ ውኃው ወረደ። የኢጣልያ አውሮፕላኖችም ያን ጊዜ ከላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ አዘነቡበት። ሰውም በቅሎም በሐይቁ ዳር ረገፈ። አደይ የአባታቸው አባት ከዚያ የተረፈ እንደነበረና እስኪሞት ድረስ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ከቤት እንደማይወጣ ነግረውናል። በእኛም ካምፕ ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ። አውሮፕላን ሲያልፍ አልጋ ሥር የሚገቡ።

ይህን የምንጽፈው ቁስል ለመቆስቆስ አይደለም። በጥር 2001 እዚያ ቆመን ያየነው ውኃ ያው የ1928ቱ ሐይቅ ነው። መውጫ የለውም ብለናል፤ ማንም መጥቶ አላጠበውም። ዝናብ ገባበት፣ ፀሐይ አተነነው፣ ዓመታት አለፉ። ዳክዬዎቹ በመስከረም መጡ። በዳሩ ገብስ ተዘራ፣ ከብት ተሰማራ። ሽማግሌዎቹ የሆነውን ያውቃሉ፤ የጦርነቱንም ታሪክ የወፎቹንም ነገር ባንድ አፍ ነው የነገሩን።

የሐይቁ ትዝታ ከዚያም ይርቃል። የውጭ ተመራማሪዎች ከሐይቁ ሥር ጭቃ በቱቦ አውጥተው መርምረዋል። ጭቃው በየዓመቱ እየተነባበረ ስለሚቀመጥ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይነበባል። ያነበቡት ከ17,000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሐይቁ በድርቅ ዘመን እጅግ የጎደለበት፣ በዝናብ ዘመን ደግሞ ከዛሬው ይልቅ የሞላበት ጊዜ ነበር። ጎድሎ ሞልቷል፤ ሞልቶም ጎድሏል።

ይደርቃል ወይ?

አደይ አንድ ነገር ጠየቁን፤ «እስክንመለስ ይጠብቀን ይሆን?» ይህን ጥያቄ ቀላል አድርገን አልፈን መሄድ አልፈለግንም።

መውጫ የሌለው ሐይቅ በቀላሉ ይጎዳል። የሚገባበት ሲቀንስ ወዲያው ይጎድላል፣ ጨዉም ይበረታል። ለዚህ ምሳሌው አገራችን ውስጥ አለ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ አቢጃታና ሻላ የሚባሉ ጎረቤታሞች የሶዳ ሐይቆች አሉ፤ ሁለቱም ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው። በሻላ ደሴት ላይ ነጭ ፔሊካኖች ይፈለፈላሉ፤ ሻላ ግን ዓሣው ጥቂት ስለሆነ ለምግብ ወደ አቢጃታ ይሻገሩ ነበር። ኋላ ለመስኖና ለሶዳ ማምረቻ ውኃው ሲቀዳ፣ ወደ አቢጃታ የሚገባውም ወንዝ ሲቀንስ፣ አቢጃታ እየሸሸ ሄደ። ሶዳው በረታ፣ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹም ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ መብረር ግድ ሆነባቸው። በሶዳ ውስጥ የሚያድገውን ጥቃቅን አልጌ የሚበሉት ፍላሚንጎዎች ግን አሁንም አሉ። ሮዝ ቀለማቸውም የሚመጣው ከሚበሉት ነው።

የአሸንጌ ችግር ከዚህ ይለያል። ዙሪያው ያለው ተራራ ታርሷል፣ ደኑም ተመንጥሯል። ጎርፍ በየክረምቱ አፈር ይዞ ይገባል። መውጫ ስለሌለውም ገብቶ የሚቀረው ጨው ብቻ አይደለም፣ አፈሩም ይቀራል። አጠገቡ ያለው የሁጉምብርዳና የግራካሕሱ የጥድ ደን ከቀሩት ጥቂት የሰሜን ደኖች አንዱ ነው፤ ያ ደን በቆመ መጠን ምንጩም አፈሩም ይጠበቃል። የገበሬው እርከን፣ የተከለለ ተራራ፣ የተተከለ ዛፍ፣ ሁሉም ለሐይቁ ዕድሜ ነው። ለአደይም የመለስንላቸው ይህንኑ ነው። ሐይቁ በአንድ ትውልድ የሚጠፋ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። እሳቸውም «ሰው ካለማ ይኖራል» አሉና ልብሳቸውን ጨምቀው ተነሡ።

ማታ

በዚያው ቀን ማታ በአደይ ራኩባ ሥር ቡና ጠራን። የልጅ ልጆቻቸውም፣ ያ ጠያቂው ጎረቤትም ነበሩ። አደይ በእንጨት ምድሩ ላይ ክብ ሠሩና «ይሄ ሐይቁ፣ ይሄ ኮረም፣ ይሄ የኛ ቤት» እያሉ አሳዩአቸው። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየና በጣቱ ከክቡ እስከ እግሩ ሥር ድረስ መስመር ሰመረ። «ሰቲት ነው» አለ። አደይም «አይ፣ አልኩህ እኮ፣ አይወጣም» ብለው መስመሩን በእጃቸው ደፈኑት። እሱም «ታዲያ እኛ ነና የምንሄድበት» አላቸው።

ማንም አልመለሰለትም። አደይ ሁለተኛውን ቡና ቀዱ።

ውድ ወላጆች፣ ከእናንተ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስቡና የተወለዳችሁበትን አካባቢ የአንድ ወንዝ፣ የአንድ ምንጭ ወይም የአንድ ሐይቅ ስም ንገሯቸው። ውኃው ከየት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚደርስ፣ ምን ወፍ እንደሚያርፍበት ንገሯቸው። የማታውቁት ካለ ሽማግሌ ጠይቁ፤ ሽማግሌ እዚህ ካምፕ ውስጥ ሞልቷል፣ ጠያቂ ነው ያጣው። የሰማችሁትን በወረቀት ጽፋችሁ ብትሰጡን በዚህ ዓምድ እናወጣዋለን። መጻፍ ለማይችሉ እኛ ራሳችን መጥተን እንጽፍላቸዋለን።

ለልጆች የዚህ እትም ጥያቄዎች፦

1. አሸንጌ ውኃው ጨው ጨው የሚለው ለምንድን ነው?
2. ምንቃሩ እንደ ማንኪያ የሰፋው ዳክዬ የሚፈለፈለው የት ነው? አገራችን የሚመጣውስ ለምን?
3. ጫጩቶቹን በጀርባው አዝሎ የሚዋኘው ወፍ ጎጆውን የሚሠራው የት ላይ ነው?
4. የእናታችሁ ወይም የአባታችሁ አገር ውኃ ወደ ሰቲት ይመጣል ወይስ አይመጣም? ጠይቃችሁ ሥዕሉን ሣሉልን።

የአራተኛውን ጥያቄ መልስ እኛም አናውቀውም፤ ከእናንተ ነው የምንማረው።